የቢራቢሮዋ ክንፍ ካቴና ውስጥ ገባ፦ ከሦስት የብስክሌት ካርኒቫል የተማርኩት

ገና 200 ሜትር እንኳ ሳንሄድ ጉድ ፈላ።

ከፊቴ የነበረችው ልጅ ቢራቢሮ ሆና ነው የመጣችው። ቢሆናት ስድስት ዓመት ነው። ክንፎቿ ከስስ ጨርቅ የተሰሩ ናቸው፤ ቢጫና ሰማያዊ። ከትከሻዋ ወርደው የኋላ ጎማዋ ጋ ይደርሳሉ። እናቷ ስትሰፋ እንዳደረች ያስታውቃል። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «ውይ ስታምር!» እያለ ያጨበጭባል። እሷም ማን እንደሚያጨበጭብላት ለማየት ዞር አለች። ያኔ የቀኝ ክንፏ ጫፍ የብስክሌቷ ካቴና (ሰንሰለቱ) ውስጥ ገባ። ብስክሌቱ ባለበት ቀጥ አለ። እሷ ወደ ጎን ወደቀች። ከኋላዋ የነበሩት ሦስት ልጆች እላይዋ ላይ ተደራረቡ።

ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ደህና ነበረች። ያለቀሰችውም ለጉልበቷ ሳይሆን ለክንፏ ነው። እኔ ግን ፊቴን የት ላድርገው? «መንገዱ ለብስክሌተኛ ይመች» ብለን ወጥተን የቀኑን የመጀመሪያ አደጋ ያደረስነው እኛው ራሳችን።

ይሄ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግመነዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ፣ የኛን ስህተት ከምትደግሙ የራሳችሁን አዲስ ስህተት ብትሰሩ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ መታጠፊያ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በሱ በኩል ነው። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ መኪኖች ሳይቀንሱ ይታጠፉበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ብስክሌተኞች ተገጩበት። አንደኛው ጎረቤቴ ነው፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ስንት ወር ቤት ዋለ። ደብዳቤ ጻፍን። መልስ የለም። ደገምን። «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባልን። ማን እንደሚያየው ግን አላወቅንም። አንድ ቀን ተሰብስበን ስናማርር አንዷ ጓደኛችን «ደብዳቤውን የሚያነበው ከሌለ ራሳችን ደብዳቤ ሆነን እንለፍበታ» አለች። ለቀልድ ነበር ያለችው።

ቀልዱ ግን ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኔዘርላንድ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ሴት ልጁ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ወላጆች በብስክሌት ወጡ። አደጋ የበዛባቸውን ቦታዎች ያዙ። መንገድ ዘግተው ልጆች እንዲጫወቱበት አደረጉ። ዛሬ ያንን አገር ስናይ ከጥንት ከጠዋቱ ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስለናል። አይደለም። ሰው አስጨንቆ ያመጣው ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታም በ1974 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረ ልማድ እሁድ እሁድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና ዘግታ ለብስክሌትና ለእግረኛ ትከፍታለች።

እኛ ግን የመረጥነው በ2008 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን ከተማ ውስጥ የተጀመረውን ዓይነት ነው። እዚያ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ያሸበርቃሉ፤ ይዘፍናሉ። ትላልቆቹ ብስክሌተኞች በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጀመሩት፣ መሪም ፈቃድም ከሌለው ወርሃዊ ጉዞ ይለያል። ያኛው የራሱ ጉልበት አለው፤ አልነቅፈውም። የኛ ጥያቄ ግን የልጆች ጥያቄ ስለነበር መሃል ላይ መታየት ያለባቸው ልጆች ናቸው።

ፈቃድ ስንጠይቅ አንድ የሚያስቅ ነገር ተማርን። የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ «የብስክሌት ሰልፍ» ብለን ጻፍን። የተቀበለን ሰው መነጽሩን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አየን። «የምን ሰልፍ?» በሚቀጥለው ሳምንት «የቤተሰብ የብስክሌት ካርኒቫል» ብለን አስገባን። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰው። ሳቅ ብሎ ፈረመ። ቃል ምረጡ። ስትመርጡ ግን አትዋሹ፤ ስንት ሰው እንደምትጠብቁና በየት በየት እንደምታልፉ በትክክል ጻፉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና የማስቆም ስልጣን ያለው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በብዙ ቦታ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። በጎ ፈቃደኛ ፊሽካ ስለያዘ ስልጣን አለው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ክንፉ ልመለስ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለማሸብረቅ ሕግ አወጣን። ከጉልበት በታች የሚንጠለጠል ነገር የለም። ከኮርቻ በኋላ የሚጎተት ነገር የለም። ክንፍ የፈለገ ከሽቦ ሰርቶ ወደ ላይ ያቁመው፤ ያውም ከትከሻው ብዙ ሳይወጣ። በጎማው ሽቦዎች መካከል ባለቀለም ወረቀት ማስገባት ያምራል፤ ግን በደንብ ካልተጠመጠመ ይላቀቅና ፍሬን ውስጥ ይገባል። ዝናብ ከጣለበት ደግሞ ቀለሙ ይለቅና ልብስ ያበላሻል። ፕላስቲክ ማሰሪያ ከክር ይሻላል፤ የተረፈው ጫፍ ግን ይቆረጥ፣ ይወጋል። ፊት የሚሸፍን ጭምብል ከልክለናል፤ ልጁ በጎኑ የሚመጣውን አያይም። ፊት ላይ ቀለም መቀባት በቂ ነው። ዘውድና ቀንድም ሄልሜቱ ላይ ይለጠፋል እንጂ ከሄልሜቱ ስር አይደረግም። ሄልሜት ለማስጌጥ ብሎ የበሳ አባት አጋጥሞኛል። አይበሳም። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ ግንባርን ይሸፍን፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ማጅራት ላይ የተቀመጠ ሄልሜት ኮፍያ ነው።

ፊኛ የሚሉትን ነገር እርሱት። ሁለተኛው ዓመት ላይ 40 ፊኛ አስረን ወጣን። ፀሐይ ሲመታቸው አንድ በአንድ መፈንዳት ጀመሩ። በየፍንዳታው አንድ ልጅ ደንግጦ ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላው ያለው ይጋጫል። ከረሜላ ወደ ተመልካች መወርወርም እንደዚሁ ነው። የሚለቅመው ሕጻን ነው፤ የሚለቅመው ደግሞ ጎማ ስር ነው።

ድምጽ ማጉያ ካላችሁ በጋሪ ላይ ከታች በኩል አስራችሁ ጎትቱት። እኛ ከፍ ብሎ ይሰማ ብለን ከላይ ሰቀልነው፤ መታጠፊያ ላይ ጋሪው ተገለበጠ። ዘፈኑ ግን አልቆመም። ተገልብጦም ይዘፍናል።

ከመነሳታችን በፊት ለእያንዳንዱ ብስክሌት አንድ ደቂቃ እንሰጣለን። የሰፈሩን ብስክሌት ሁሉ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መንፊያቸውንና ጥቂት ከመነዳሪ ይዘው መጥተው መነሻው ላይ ይቀመጣሉ። ጎማውን በአውራ ጣት ይጫናሉ። ፍሬኑን ይይዙና ብስክሌቱን ወደፊት ይገፉታል፤ ጎማው ከዞረ አይወጣም። ካቴናውን ያያሉ። ኮርቻና መሪውን ያነቃንቃሉ። አንድ ጊዜ ከአምስት ብስክሌት አንዱ ፍሬኑ የማይሰራ ሆኖ አገኙት። «ልጅን በዚህ መላክ ማለት እኮ...» አሉና ዝም አሉ። አባትየው አንገቱን ደፋ። እውነቱን ለመናገር ከካርኒቫሉ ሁሉ ለልጆቹ በጣም የጠቀመው ይሄ አንድ ሰዓት ይመስለኛል።

ስለ መንገድ ምርጫ አንድ ነገር ብቻ ካስታወሳችሁ ይሄን አስታውሱ፤ በልጅ ብስክሌት ፈትሹት። እኔ በትልቁ ብስክሌቴ ስሄድበት ለጥ ያለ ነበር። የልጄን ባለ 16 ኢንች ብስክሌት እየገፋሁ ስደግመው የውሃ መውረጃው ብረት ክፍተቱ ልክ የፊት ጎማዋን የሚውጥ ሆነ። በዚያው ቀን ጎዳናውን ቀየርን። የባቡር ሐዲድ ካለበት ደግሞ ጎማው ሐዲዱን ቀጥ ብሎ እንዲቆርጠው አድርጉ፤ በሰያፍ ካለፈ ያንሸራትታል። ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። በመጀመሪያው ዓመት 9 ኪሎ ሜትር ነዳን። ግማሹ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ፣ ብስክሌቱ በእናቱ እጅ ሆኖ ተመለሰ።

ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም የሚዘገየው ልጅ ነው። በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ነው። ትልልቅ ሰዎች ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ። ከፊት የምትመራን «መሪ» አለችን፤ ከሷ ማንም አይቀድምም። ከኋላ «ጭራ» የምንለው አለ፤ ከሱ ኋላ የሚቀር የለም። ጭራው መለዋወጫና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይይዛል። ሁለቱ በስልክ ይገናኛሉ። ይሄ ሳይኖረን በፊት፣ የትራፊክ መብራት ላይ ለሁለት ተከፈልን። የኋለኛው ግማሽ መንገዱን ስቶ ሌላ ሰፈር እየዘፈነ ሄደ። እዚያም ተጨብጭቦላቸዋል አሉ።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለው ሥራ ግን ከሁሉም ከባድ ነው። 200 ብስክሌት ሦስት ሦስት እየሆነ ቢሄድ ከ250 ሜትር በላይ ይረዝማል። በልጅ ፍጥነት አንድ መገናኛ ለማለፍ ወደ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ደቂቃ ለኛ ምንም ነው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ዘመን ነው። ስለዚህ ከትራፊክ ፖሊሱ አጠገብ የሚቆሙ አጃቢዎቻችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያጠኑ አደረግን፤ «ልጆች ናቸው፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ስለታገሱን እናመሰግናለን።» ከዚህ በላይ ቃል የለም። ሹፌሩ ቢሳደብ ይሄንኑ መድገም ነው። ክርክር ክልክል። አጃቢ ስትመርጡም በብስክሌት ጉዳይ በጣም የተናደደውን ሰው አትምረጡ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት አጃቢ ሆኜ ከአንድ ሹፌር ጋር ተናቆርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ውሃ አዳይ አደረጉኝ። ልክ ናቸው።

ለአምቡላንስ የተለየ የፊሽካ ምልክት ይኑራችሁ። ሦስት ረጅም ፊሽካ ሲሰማ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይጠጋል። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አለማምዷቸው። ልጆች እንደ ጨዋታ ስለሚያዩት ከትልልቆቹ ፈጥነው ይለምዱታል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተታችን ልምጣ።

በመጀመሪያው ዓመት ባነራችን ላይ 11 ጥያቄ ነበር። የብስክሌት መስመር፣ ማቆሚያ፣ መብራት፣ የሹፌሮች ስልጠና፣ ምን ያልጻፍነው አለ? አንድ ባለስልጣን ጋብዘን መጡ። ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሱ። ብስክሌት ላይም ወጡ፤ ተጨበጨበላቸው። «በጣም ደስ የሚል ፕሮግራም ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ምን ሆነ? ምንም። ማንም 11 ነገር ሲጠየቅ የሚመልሰው «እናየዋለን» ነው። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አይደለም። እኛም የምንፈልገውን አናውቅም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥያቄያችን ስለ አንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ በዚያ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱ 30 ይሁን፣ ከፍ ያለ ዜብራ ይሰራ። ባነሩ ላይ ይሄ ብቻ። ቲሸርቱ ላይ ይሄ ብቻ። ሰውየው ድጋሚ መጥተው አንዲት ትንሽ ልጅ ፊት በርከክ አሉና «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። አይስክሬም የምትል መስሏቸው ይሆናል። «ከፍ ያለ ዜብራ» አለቻቸው። ሳቁ። ሲስቁ ግን ጸሐፊያቸው ማስታወሻ ላይ ስትጽፍ አየኋት።

30 የሚለውን ቁጥር ከኪሳችን አላወጣነውም። በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ስቶክሆልም ላይ አገሮች ስለ መንገድ ደህንነት ባወጡት መግለጫ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል። ይሄን ደብዳቤው ላይ ጠቀስነው። ግን ሰው መግለጫ አንብቦ አይደነግጥም። ስለዚህ ጠመኔ ገዛን።

መድረሻው ሜዳ ላይ አንድ የልጅ ብስክሌት አስተኝተን ከሱ ወደ ኋላ ለካን። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በ50 የሚሄደው ወደ 14 ሜትር። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ይፍጅበት። ከዚያ ፍሬኑ ይዞ እስኪቆም ደግሞ ሌላ ርቀት አለ። በደረቅ አስፋልት፣ ደህና ፍሬን ላለው መኪና፣ ድምሩ በ30 ወደ 13 ሜትር፣ በ50 ወደ 28 ሜትር ይመጣል። ሁለቱንም በጠመኔ አሰመርናቸውና ወላጆችን በእግር አስኬድናቸው። አንድ ታክሲ ነጂ መሃል ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ። «ማለት በ30 የሚሄደው ቆሞ በሚያበቃበት ቦታ፣ በ50 የምሄደው እኔ ገና ፍሬን አልነካሁም?» አለ። አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው። በዚያ ቀን ከተደረገው ንግግር ሁሉ የሱ ጥያቄ በለጠ።

ሌላው የሰራልን ነገር የጭነት መኪና ነው። የአንድ ልጅ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናውን አምጥቶ ሜዳው ላይ አቆመው፤ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በመኪናው ዙሪያ 20 ብስክሌት ደረደርን። ልጆቹ ተራ በተራ ጋቢና ወጥተው በመስታወት ስንቱን እንደሚያዩ ቆጠሩ። አንዱ «እህቴ የለችም!» ብሎ ጮኸ። እህቱ ከበሩ ስር፣ አንድ ሜትር ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄ የጭነት መኪና ጎን ለጎን ቆማ አታውቅም። እኔ ሺ ጊዜ ብነግራት አትሰማኝም ነበር።

ለሹፌሮች ደግሞ ሪባን አደልን። በሩን የሚከፍቱበት እጀታ ላይ እንዲያስሩት ነው። ሪባኑን ሲያዩ በሩን ከበሩ ራቅ ባለው እጃቸው ይከፍታሉ። እንደዚያ ሲያደርጉ ገላቸው ይዞራል፤ ሲዞር ከኋላ የሚመጣው ብስክሌት ይታያል። ኔዘርላንድ ውስጥ የሚማሩት ነገር ነው። ምንም ያህል አያስወጣም፤ ግን በር ላይ መላተም ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሱቆቹን አስቀድማችሁ ጎብኙ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ሳንነግራቸው በራቸውን ዘጋንባቸው፤ ቢቆጡ እውነት አላቸው። በሁለተኛው ዓመት ከሦስት ሳምንት በፊት በየሱቁ ዞርን። በጣም የተቆጡት እትዬ በዚያኛው ዓመት ከደጃፋቸው ወንበር አውጥተው ዳኛ ሆኑልን፤ ያማረውን ብስክሌት የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። አድሏቸው ግን አይጣል ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የልጅ ልጃቸው ነው። እስካሁን ማንም ደፍሮ አልተናገራቸውም።

ካርኒቫሉ ባለቀ በማግስቱ ደብዳቤ ጻፉ። ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ፤ ፎቶና የተሳታፊ ቁጥር ብቻ ነው የምትጨምሩት። ቁጥሩን ለማግኘት አንድ ሰው ጠባብ ቦታ ላይ ቆጣሪ ይዞ ይቁም፤ በግምት አትጻፉ። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት «ከ500 በላይ» ብለን ነበር። በኋላ ቪዲዮውን ስንቆጥረው 163 ሆነ። ቢደረስብን ምን ይባል ነበር?

ከሁለተኛው ካርኒቫል ሰባት ወር በኋላ ዜብራው ተሰራ። ከፍ ያለ ነው፤ መኪና ሳይቀንስ ሊያልፍበት አይችልም። የ30 ምልክት ግን እስካሁን አልተተከለም። በሦስተኛው ዓመት ባነራችን ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤው ገብቷል፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው በተራ እየደወለ ይጠይቃል። በዚህ ወር ተራው የኔ ነው።

ቢራቢሮዋ ዘንድሮ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ክንፍ አልፈልግም ብላ ፊሽካ ጠየቀች፤ ጭራው አጠገብ መደብናት። እኔ ዘንድሮም ውሃ ነበር የማድለው። ከሜዳው የተሰበሰቡ ዕቃዎች አሁንም እኔ ቤት ናቸው፤ ሁለት ሄልሜት፣ አንድ ደወል፣ የግራ እግር ቀይ የልጅ ጫማ። ልጁ በአንድ እግር ጫማ ፔዳል እየመታ ቤቱ እንዴት እንደገባ አላውቅም።